ወደ ኋላ የሚያየው ወንበር

ባለፈው ወር በሰፈራችን በሃዳር ጋኒም ሕንፃዎች መግቢያ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በዕብራይስጥ «ጌዳልያ ተገኘ አርፏል» ይላል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁ አለፋችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም አልፌው ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ከደረስሁ በኋላ ነው «ተገኘ» የሚለው የአባት ስም ልቤን ወጋ አድርጎኝ የተመለስሁት። ጌዳልያ የሚባል ሰው በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። ስሙን የሰጣቸው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የመዘገባቸው ጸሐፊ ነው፤ «ይርጋ» ማለት ለአፉ ስላልተመቸው።

ስለዚህ በትክክል ልንገራችሁ። የሞቱት ጋሼ ይርጋ ተገኘ ናቸው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በኪርያት አርዬ በሚሠሩበት ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ልባቸው ቆመ። ወረቀቱ ሌላ ሰው ስለጠራ ቀብራቸው ላይ ለጸሎቱ የሚያስፈልጉትን አሥር ወንዶች መሙላት አቅቶን ሁለት መንገደኞች ለምነን አስገባን። አንደኛው «ዘመዳችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «መኪናችን የተበላሸብን ሁሉ ዘመዱ ነን» አልሁት። አልገባውም።

እኔ መምህር ነኝ፤ ነገርን ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ አይሆንልኝም። መጀመሪያ ስለ እሳቸው፣ ቀጥሎ ስለ መኪናዋ፣ በመጨረሻም እኔ ስላደረግሁት እጽፋለሁ። የመጨረሻው ባይጻፍ በወደድሁ ነበር።

ጋሼ ይርጋ ከጎንደር ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ መንደር የተወለዱ የአንጥረኛ ልጅ ናቸው። አባታቸው ማረሻ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ገና በወጣትነታቸው ወደ ከተማ ወርደው የጭነት መኪና ጥገና ለመዱ። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን አንድ ቀጭን እንጨት ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍኑና «ሦስተኛዋ ፒስተን እያለቀሰች ነው» ይላሉ። ሲፈታ ሦስተኛዋ ናት።

እዚህ እስራኤል ሲመጡ ጋራዡ ተቀበላቸውና መጥረጊያ ሰጣቸው። ጥገና ለመሥራት ተዑዳ፣ ማለትም የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለተዑዳው ፈተና አለ፤ ፈተናው በዕብራይስጥ ነው። የጋራዡ ልጆች ግን ሞተር አልገባ ሲላቸው መጥረጊያውን አስጥለው ይጠሯቸዋል። ሰምተው ይነግሯቸዋል፤ ከዚያ መጥረጊያቸውን አንሥተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። «እዚያ ብረት ስለምንሠራ ቡዳ አሉን። እዚህ ደግሞ ብረት እንዳንነካ መጥረጊያ ሰጡን።» ይህን ያሉት ሳይቆጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው። የተናደድሁት እኔ ነበርሁ።

መኪናዋን ታውቋታላችሁ። ከሕንፃችን ጀርባ የምትቆመው ረጅሟ ነጭ ስቴሽን ናት። የዕቃ መጫኛዋ ከሰው መቀመጫው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ሦስት ረድፍ ወንበር ትይዛለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ አምስት ቁጥር ብቻ ስላለው መቶ ሺህ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሦስት ጊዜ መመለሱን ጋሼ ይርጋ ከፔዳሎቹ መበላት አውቀዋል። ጋራዡ ጓሮ ለቁርጥራጭ ብረት ተጥላ ነበር። ባለቤቱ ሺሞን «ውሰዳት፤ እሱም ጽዳት ነው» አላቸውና ሳቀ።

ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ብዙ ወራት ሠሩባት። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ፈቱት። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በባዶ የእርጎ ኩባያ ይከቱታል። መጻፍ ስለማይችሉ በየኩባያው ላይ ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ ለራዲያተር ብሎን የውኃ ጠብታ፣ ለካንዴላ ብልጭታ፣ ለፍሬን የሰው እግር። የወለሉን ዝገት ቆርጠው በሌላ መኪና በር ቆርቆሮ ጠገኑት። ተነሥታ ስትሄድ መጀመሪያ ያሳፈሯት ምጥ የያዛት ጎረቤታችንን ነበር። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ባልሠራባቸው ቀናት ለጽዳት ሥራ በማለዳ የሚወጡትን እናቶች ሁሉ ያመላልሱ ነበር። አንዷ «ጋሼ፣ ቤንዚኑስ?» ስትላቸው «ጠጥታለች፤ አሁን ትሥራ» አሏት።

ከሁሉም ኋላ አንዲት ትንሽ ወንበር ነበረች። የተሠራችው ለልጅ ነው፤ ፊቷ ወደ ኋላ መስታወት ይዞራል። ጋሼ ይርጋ ይህችን ወንበር ሲያዩ ነው መኪናዋን የወደዱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅና አንዲቷ ልጃቸው እናኑ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ቀርተው ነበር፤ የእሳቸው ስም ቀድሞ ወጣ፣ እነሱ «ለሚቀጥለው» ተባሉ፣ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። «ከመንደር ስንወጣ እናኑ አህያው ላይ ወደ ኋላ ዞራ ነበር የተቀመጠች» ብለው አጫወቱኝ። «እናቷ ከኋላ በእግር ትመጣለች፤ ፊቷን ካላየች ታለቅሳለች። ይኸው ለእሷ የተሠራ ወንበር።»

አሁን ስለ ውድድሩ። ዓርብ ሥራ በጊዜ ሲያልቅ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ የጋራዡ ሰዎች ከብርቱካን እርሻዎቹ ወዲያ ባለ የተተወ የፍሬ ማሸጊያ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር። አስፋልቱ ላይ አሮጌ ጎማዎች ይደረድራሉ፤ አንድ አንድ መኪና ብቻውን ይዞራል፤ ሺሞን ሰዓት ይይዛል። ሽልማት የለውም። የሌሎቹ መኪኖች ትንንሽና ቀላል ናቸው። ጋሼ ይርጋ ስቴሽኗን ይዘው ሲገቡ ሳቁ።

«ጌዳልያ! ዳቦ ልታከፋፍል መጣህ?»

«በሰደር፣ ይሁን» አሉ ጋሼ ይርጋ መስኮቱን እያወረዱ። «ተሰለፍ፤ ለአንተም ይደርስሃል።»

አነዳዳቸውን ልግለጽ። ሌሎቹ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን እየረገጡ ጎማ ያስጮሃሉ። እሳቸው ፍሬን የሚረግጡት ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ከዚያ እግራቸውን አንሥተው ረጅሟን መኪና በራሷ ክብደት ያዞሯታል። «ጭራዋ ከባድ ነው። ውስጥ ገብተህ ከያዝሃት ትቀየምና ጭራዋን ትወረውርብሃለች» ይሉኝ ነበር፤ እኔን መንዳት ሲያስተምሩኝ። ያቺ አሮጌ ጎማ ሳትነካ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዞራ ስትመለስ ሳቁ ቆመ። የመጀመሪያው ቀን አራተኛ ወጡ፤ ከወር በኋላ ሁለተኛ።

ለምን እንደሚወዳደሩ ጠየቅኋቸው። «እዚህ ያልተሰበረች የሎድ መንገድ ላይ አትሰበርም» አሉኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ሎድ ነው። ሰዎቻቸውን የሚያመጣ መኪና መንገድ ላይ እንዲቆም አይፈልጉም ነበር። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው ያለውን እሳቸው እንደ ፈተና ያዩት ነበር።

ሁልጊዜ የሚቀደሙት በጥቂት ነው። ሺሞን ሰዓቱን እያሳየ ይጮህባቸዋል።

«ያንን የኋላ ወንበር አውጣው! ዝም ብሎ ክብደት ነው!»

«የሰው ነው።»

«የማን ሰው? ማንም የለበትም!»

«የሚመጣ ሰው።»

ሺሞን በመጨረሻ በሁሉም ፊት ተናገረ። «ስማ ጌዳልያ፣ አንድ ዓርብ አንደኛ ከወጣህ እሑድ መጥረጊያውን ትጥላለህ። ጥገና ትገባለህ። ቃሌ ነው።» ጋሼ ይርጋ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ወንበሩን ግን አላወጡም።

አሁን የእኔ ተራ ነው።

በዚያ ሰሞን ከሱዳን በብዙ እጅ ዞሮ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። የጻፈው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንድም ነው። በሰፈራችን ደብዳቤ የማነበው እኔ ስለሆንሁ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ከፈትሁት። ሰላምታውን አነበብሁ፤ ጥሩወርቅ ደህና መሆኗን አነበብሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር እናኑ በተቅማጥ ታማ መሞቷንና መጠለያው ዳር መቀበሯን ይናገራል።

አፌ ቆመ። ጋሼ ይርጋ «እህ?» አሉ። መስመሩን ዘለልሁት። መቆሜ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ከራሴ ጨመርሁበት፦ «እናኑ አድጋለች። አባቴ የት ነው እያለች ትጠይቃለች።» ደብዳቤውን አጥፌ መለስሁላቸው።

በዚያው ቀን ሮጬ ለሽማግሌያችን ለአባ መኮነን ነገርኋቸው። «ደግ አደረግህ» አሉኝ። «መርዶ እንዲህ በወረቀት አይነገርም። እናቲቱ ትምጣና አብረው ያልቅሱ። እስከዚያ ዝም በል።» ልማዳችን እንደዚህ ነው፤ ለወጣቶቹ ላስረዳ። ሞት የደረሰበት ሰው ወሬውን ብቻውን እንዲሰማው አይደረግም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ ሆኖ፣ በማለዳ ይነገረዋል። የታሰበው ለደግ ነው። እኔም ያን ማታ ተኛሁ፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በማግሥቱ ጋሼ ይርጋን ከኋላ ወንበሯ ላይ ተጎንብሰው አገኘኋቸው። ማሰሪያዋን ፈትተው በወፍራም መርፌ ሌላ ቁራጭ ይቀጥሉባት ነበር። «አድጋለች ካልኸኝማ ይህ ያጥራታል» አሉኝ። መርፌውን ይዤላቸው ክር አስገባሁላቸው።

ቀጥሎ የሆነውን እኔው ራሴ አመጣሁት። በሕንፃው ሥር ባለው ሚክላት፣ ማለትም በቦምብ መሸሸጊያው ምድር ቤት፣ ለትልልቆች ትምህርት እሰጥ ነበር። ጋሼ ይርጋ ለተዑዳው ፈተና ዕብራይስጥ ሊማሩ መጡ። «መጀመሪያ አማርኛውን» አልኋቸው። «እኔ የምፈልገው የእነሱን ነው» አሉ። «በራሱ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ሰው ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል» ብዬ ተከራከርኋቸው። ዘዴዬ ነበር፤ ኮራሁበት። ከመኪናዋ ጀመርን፦ ጎማ፣ መሪ፣ ዘይት። የሚያነቡትን ቃል በእርሳስ ከሥሩ እያሰመሩ እንዲሄዱ አስተማርኋቸው፤ ዓይን እንዳይጠፋ። አንድ ቀን የእርጎ ኩባያዎቹ ላይ ሥዕሎቹ ተፍቀው ቃላት አየሁ። ብልጭታው የነበረበት ላይ «ካንዴላ» ይላል። ሰው ሁሉ እንዲያይ ኩባያውን ይዤ ሕንፃውን ዞርሁ።

ከዚያ አንድ ምሽት ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀሩና ጠየቁኝ። «መምህር፣ በእጅ የተጻፈም እንደዚሁ ይነበባል?»

«ይነበባል፤ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው» አልሁና፣ በደስታ፣ ያን ሳምንት ሙሉ የእጅ ጽሑፍ አለማመድኋቸው።

ከሁለት ዓርብ በኋላ ስቴሽኗ ወደ ማሸጊያው ግቢ ስትገባ ኋላዋ ባዶ ነበር። ወንበሯ የለችም። ሺሞን «ሶፍ ሶፍ!» ብሎ ጮኸ፤ በመጨረሻ ገባህ ማለቱ ነው። ሁላችንም አጨበጨብን። ጋሼ ይርጋ ዞሩ፤ እንደ ወትሮው ድምፅ የለም፣ ጎማ አልተነካም። አንደኛ ወጡ። እኔ እየዘለልሁ ሄጄ በመስኮቱ አቀፍኋቸው። «ወንበሯስ ጋሼ?» አልሁ፤ እየሳቅሁ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አስቀምጫታለሁ» አሉ። ሌላ አልጠየቅሁም። እሑድ ጥገና ይገባሉ ብዬ ሳስብ ደስታው ጋርዶኝ ነበር።

እሑድ ሺሞን ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። «ጌዳልያ፣ ሐቢቢ፣ ጨዋታ ነበር እኮ። ያለ ተዑዳ እንዴት አድርጌ?» ጋሼ ይርጋ መጥረጊያውን አነሡ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ኖሩ። ወደ ዓርቡ ውድድር አልተመለሱም። ሺሞን ቀብራቸው ላይ አለቀሰ፤ ዕንባው የእውነት ነበር። በሳምንቱ መጥረጊያውን ለሌላ የእኛ ሰው ሰጠው፤ ያም ሰው አገር ቤት ሳለ ሹፌር ነበር።

የቤታቸውን ዕቃ የሰበሰብነው አባ መኮነንና እኔ ነን። ወንበሯን ከደረጃው ሥር ባለች ዕቃ ቤት አገኘናት። በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልላለች፤ የቀጠሉት ማሰሪያ ታጥፎ ላይዋ ላይ ተቀምጧል። ከመሪው ጎን ባለው የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወረቀት ነበረ። አንደኛው ከሱዳን የመጣው ደብዳቤ ነው። የዘለልሁት መስመር ከሥሩ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ ቃል በቃል፣ እንዳስተማርኋቸው። «እናኑ» ከሚለው ሥር እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል።

ሁለተኛው ከደብተራቸው የተገነጠለ ገጽ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ይድረስ ለጥሩወርቅ። ይህን የጻፍሁ እኔ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝ። የእናኑን አንብቤአለሁ። መምህሩ ዘሎት ነበር። ልጅ ነው። አዝኖልኝ ነው። ማንበቤን ካወቀ ያፍራል ብዬ ዝም አልሁ። ወንበሯን አወጣሁ። ስትመጪ ኋላውን አይተሽ እንዳትደነግጪ። እስካሁን አላለቀስሁም። ያላንቺ አይሆንልኝም። መኪናዋ ደህና ናት። አንቺ ከፊት»

እዚህ ላይ ይቆማል።

አባ መኮነን «ምን ይላል?» አሉኝ። ሁሉንም አነበብሁላቸው። መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ የተሠራ ልማድ፣ ጋሼ ይርጋን ብቻቸውን፣ መኪና ውስጥ፣ ጣታቸውን ፊደል ላይ እየጎተቱ እንዲሰሙት አደረጋቸው። ለሐዘን የሚቀመጡበት ሰባት ቀን እንኳ አላገኙም፤ «አልሞተችም» እያልን ልናስተዛዝናቸው አንችልም ነበርና። እኛ እሳቸውን ከሐዘን የምንጠብቅ መስሎን ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔን ከኀፍረት ጠበቁኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መንገዱ ተከፍቶ ከቀብሩ በኋላ በሁለት ሳምንት እዚህ አገር ገብታለች። ደቡብ ባለ መርከዝ ክሊታ፣ በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ ውስጥ ናት። «ባልሽ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል» ተብላለች። የሚጠይቋት ሰዎች እንደሚሉት የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነው፤ የእናኑን ሞት ለአባቷ እንዴት እንደምትነግረው ቀን ከሌሊት ታስባለች።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ትንሽ ትረጋጋ፤ ቋንቋውን ትልመድ፤ ከበዓሉ በኋላ ይነገራታል» አሉ። ተነሥቼ «ነገ እሄዳለሁ» አልሁ።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ከወሰነ በኋላ?» አሉ አባ መኮነን።

«አንድ ጊዜ ዘለልሁ፣ አባ። ሁለተኛ አልችልም።»

አባ መኮነን ከዘራቸውን ፈለጉ። «ብቻህን አትሄድም» አሉኝ። «እኔ በአንድ ጎኗ፣ እህቴ በሌላው እንሆናለን። እስከዚህ ድረስ ልማዱ ልክ ነው።»

ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ በእጃችሁ የሚገባው እሑድ ነው። ስታነቡት እሷ ሰምታለች። ለቅሶ ልትደርሱ ብትፈልጉ፣ በጌዳልያ ስም አትፈልጓቸው።

ጋሼ ይርጋ፣ ነገ ዓርብ ነው። የመኪናዋን ዘይት አይቻለሁ፤ የጎማዎቹን ንፋስ ለክቻለሁ፤ እንጨቱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሞተሯን ሰማሁ፤ ምንም አልገባኝም፣ ግን ለስላሳ ናት። ፍሬን የምረግጠው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ወንበሯን አልመለስኋትም፤ ነጠላውንም አልፈታሁትም፤ የሚፈታው የእናቷ እጅ ነው። ስንመለስ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ከፊት አስቀምጣታለሁ።

አላፈርሁም ብዬ አልዋሽዎትም። ደብዳቤዎን አነብላታለሁ። «መምህሩ ዘሎት ነበር» ያሉበትንም ድምፄን ሳልቀንስ አነባለሁ። «አንቺ ከፊት» የሚለው ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ከራሴ የምጨምርበት ቃል የለም።